ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለተማሪዎቼ የማዘጋጃት አንዲት ጨዋታ አለች። መሣሪያቸውን ከቦርሳው ሳያወጡ አስቀምጣቸውና አንድ የኦርኬስትራ ሙዚቃ አሰማቸዋለሁ። ርዕሱን አልነግራቸውም፤ የደራሲውንም ስም አልነግራቸውም። ሙዚቃው ሲያልቅ «ምን አያችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ምን ሰማችሁ አይደለም፤ ምን አያችሁ ነው።

የማስተምረው ሰሜን ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ የመካከለኛ ደረጃ ልጆችን ነው። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ባስ። ባለፈው ዓመት የመረጥኩላቸው ሙዚቃ እንዲህ ያለ ነው፦ ከበሮ ከሩቅ እየቀረበ ይመጣል፤ የነሐስ መለከቶች በኩራት የሚራመድ ዜማ ይይዛሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም ይልና አንዲት ክላሪኔት ብቻዋን ለስለስ ያለ ነገር ትጀምራለች። ሳትጨርሰው ኦርኬስትራው በሙሉ በአንድ ምት ይቆርጣታል።

«የፉትቦል ቡድን ወደ ሜዳ ሲገባ ነው» አለ አንዱ ቪዮላ ተጫዋች።

«ፉትቦል ላይ ማን እንደዚህ ያላዝናል?» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው። «ሰርግ ነው። ሙሽራዋ በሩ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ቀየረች።»

«ካዚኖ ሲያፈርሱ ነው» አለች ከኋላ ያለችው ባስ ተጫዋች። «መጀመሪያ ሰው ይሰበሰባል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ድው!»

ሁሉም ሳቁ። በእኛ ከተማ አርጅቷል የተባለ ሆቴል በፈንጂ ሲወርድ ሰው ወንበር ይዞ ሄዶ ያያል፤ ልጅቷም ከአባቷ ጋር ሄዳ አይታለች።

እውነቱን ነገርኳቸው። ሰውየው ሊገደል እየተወሰደ ነው። የሚራመደው ዜማ ወታደሮቹና ለማየት የወጣው ሕዝብ ነው። ክላሪኔቷ የሚወዳት ሴት ናት፤ አንገቱን ለስለቱ ሲያመቻች ትዝ አለችው። ምቱ ስለቱ ነው።

ከዚያ ባስ ተጫዋቿ እጇን አወጣች።

«እና ሚስ፣ አንቺ ባትነግሪን በምን እናውቅ ነበር?»

ጥያቄዋ ትምህርቱ ራሱ ስለሆነ እዚህም ላስረዳው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሮማንቲክ የሚባሉ የሙዚቃ ደራሲዎች ነበሩ። ከእነሱ በፊት አብዛኛው ሲምፎኒ የሚታወቀው በቁጥሩና በቅኝቱ ነበር፤ ስለ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልነበረም። እነዚህኞቹ ግን ኦርኬስትራው ታሪክ እንዲተርክ፣ ቦታ እንዲያሳይ ፈለጉ። ለነጎድጓድ ትልልቆቹን የመዳብ ከበሮዎች ያዙ። ለመብረቅ ፒኮሎ የምትባለውን ትንሽዋን ዋሽንት፣ ለጫካና ለአደን ሆርን የሚባለውን ጥምዝ መለከት፣ ለአጽም ደግሞ በእንጨት ላይ የሚመታውን ዛይሎፎን። አንድን ሰው በአንድ ዜማ ይወክሉና ሰውየው ሲያብድ ዜማውን ያጣምሙታል፣ ሲሞት ያቋርጡታል። ይኼ ሁሉ ድንቅ ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አላመኑትም። ከሙዚቃው በፊት ታሪኩን በወረቀት አሳትመው ለአድማጩ በር ላይ ያድሉ ነበር። ወረቀቱ ፕሮግራም ይባላል፤ የሙዚቃው ዓይነትም የፕሮግራም ሙዚቃ የሚባለው ከዚያ ነው። ሙዚቃው ማዕበል መነሣቱን ይናገራል፤ የማን መርከብ እንደ ሰጠመ የሚናገረው ወረቀቱ ነው።

ይህንን ትምህርት ክፍል ከመግባቴ በፊት የምለማመደው በአባቴ ላይ ነበር።

አባቴ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቫሌ ነበር፤ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ ማድረግ፣ ሲጠሩት አምጥቶ ማቆም። አገሩን ለቆ በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። ኩላሊቶቹ ሥራ ሲያቆሙ እሱም አቆመ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ላይ ይተኛ ነበር። በሥራ ቀኖቹ የሚያደርሰው የእጥበት ማዕከሉ መኪና ነበር፤ ቅዳሜ የእኔ ተራ ነበር። አሊያንቴ ሰፈር ካለው ቤታችን እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድ አንድ ሙዚቃ ለመስማት ይበቃል።

መጀመሪያ ስነግረው፦

«የፕሮግራም ሙዚቃ ነው የማስተምረው፣ አባዬ።»

«የማን ፕሮግራም? ሰርግ ነው ክርስትና?»

«አይደለም። ታሪክ ያለው ሙዚቃ ማለት ነው። አንተ ዝም ብለህ ስማና ምን እንዳየህ ንገረኝ።»

ማዕበል ከፈትኩለት። ባሶቹ ከታች ሲያጉረመርሙ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለቀቀና ዓይኑን ጨፈነ።

«ቅዳሜ ማታ ቫሌ ነው» አለ።

«አባዬ!»

«ምን አባዬ ትያለሽ? ስሚው እንጂ። ይኼ ኮንሰርት አልቆ ሰዉ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው። ያቺ የምታፏጨው ሱፐርቫይዘሩ ነው። ይኼ ደግሞ» አለ ከበሮው ሲፈነዳ፣ «አዲሱ ልጅ የሰው በር ገጨ።»

«እና መጨረሻ ላይ ጸጥ ያለው?»

«ሺፍት አለቀ። ጫማዬን አወለቅሁ።»

በዚህ ዓይነት ስንት ቅዳሜ ሄድን። የጠንቋዮችን ጭፈራ የታክሲዎች ሰልፍ አደረገው። የአደን ሙዚቃ ሳሰማው «ቁልፍ ጠፋ፣ ሁሉም እየሮጠ ነው» አለ። አንድም ቀን ደራሲው ያሰበውን አልመለሰም፤ እኔም የሱን መልስ ለተማሪዎቼ እየወሰድኩ አስቃቸው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ በትክክል ገባው። ወንዝ ነበር። ሁለት ዋሽንቶች እየተቀባበሉ ከምንጩ ይጀምሩታል፣ ቀጭን፣ ቆም የማይል፤ ክላሪኔቶች ሌላ ምንጭ ሆነው ይቀላቀሉታል፤ ከዚያ ቫዮሊኖቹ ሰፊውን ዜማ ያነሡና ወንዝ ይሆናል። እኔ መሪውን ይዤ ፊቱን በጎን እያየሁ እንዴት ሊያጣምመው ይሆን እያልኩ ነበር።

«ዝጊልኝ» አለ።

«ምነው፣ አልወደድከውም?»

«ጠማኝ።»

ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው የጠጣው ውሃ የሚወጣበት ስለሌለው በልብና በሳንባው ዙሪያ ይጠራቀማል። ስለዚህ ለቀን የሚፈቀድለት ውሃ የተለካ ነው። አባቴ በዚህ በረሃ ከተማ በበጋ ሙቀት አንዲት ጠርሙስ በትንሽ በትንሹ ሲጎነጭ፣ ከንፈሩን በበረዶ ቁራጭ ሲያብስ ነበር የሚውለው። ዘጋሁለት። ወረቀት አላስፈለገውም። ጥሙ ወረቀቱ ነበር።

የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሐሙስ፣ ማሽኑ ላይ ተኝቶ እያለ አፉ ወደ አንድ ጎን ወረደ። ስትሮክ ነበር። ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ወሰዱት። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ ንግግሩ በሙሉ ሄደ።

ሐኪሞቹ ያስረዱኝን እንደገባኝ ላስረዳ። ንግግርን የሚያዘጋጀው የአንጎሉ ክፍል ተጎድቷል። የሚሰማውን በከፊል ሳይረዳ አይቀርም፤ ምን ያህል ግን አይታወቅም። «እጄን ጨብጥ» ሲሉት አንዳንዴ ይጨብጣል፣ አንዳንዴ አይጨብጥም። ራሱን ይነቀንቃል፤ ግን ስሙን ሲጠሩትም የሌላ ሰው ስም ሲጠሩትም ያው ነው። መዋጥ ስለማይችል ምግቡ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ይወርዳል። የእጥበት ማሽኑን አልጋው ድረስ ያመጡለታል። በየጊዜው የደም ግፊቱ ይወድቃል፣ ማሽኑን ያቆማሉ፣ ሲሻለው ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከተኛበት ሳይነሣ ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣቷ ሐኪም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪሞች ሲቀመጡ ወሬው ጥሩ እንዳልሆነ በዚያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር።

«ልቡ እየደከመ ነው» አለችኝ። «እጥበቱ ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስድበት እየበዛ ነው። ሰውነቱ እስከቻለ ልንቀጥል እንችላለን። ወይም እናቆምና እንዳይሰቃይ ብቻ እንንከባከበዋለን። ካቆምን የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ደህና ሳለ ምን እንደሚፈልግ ተናግሮ ያውቃል?»

ተናግሮ አያውቅም። አባቴ ስለ መኪና፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ጭቅጭቅ ብዙ ይናገር ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናቴ ስትሪፕ ላይ ክፍል አጽጂ ናት። ሺፍቷን ጨርሳ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ በአውቶቡስ ትመጣለች። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራት የሱን ብርድ ልብስ እያስተካከለች ነበር፤ የሆቴል አልጋ እንደምታነጥፍ ጠርዙን አጥፋ ከፍራሹ ሥር ከተተችው።

«አባትሽ ሰው ነው እንጂ ስልክ አይደለም፣ ቻርጀሩ የሚነቀለው» አለች።

«እኔ ይነቀል አላልኩም፣ እማዬ። ምን እንደሚፈልግ እንወቅ ነው ያልኩት።»

«መዳን ነው የሚፈልገው። ሌላ ምን ሊፈልግ ነው?»

«የነፍስ አባቱን ጠርተን ብናማክራቸውስ?»

«ቄስ የሚጠራው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ አልጠራም።»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ አንድ ብቻ ሆነ፤ አባቴ የሚፈልገውን ማወቅ። እናቴን ለማሸነፍ አልነበረም። ይቁም ብሎ ከሆነ በየቀኑ ያለ ፈቃዱ እያሰቃየነው ነው፤ ይቀጥል ብሎ ከሆነም ያንን ሐኪሟ እንድታውቅ ፈለግሁ። ሁለቱንም መስማት እችላለሁ፤ አለማወቁን ግን አልቻልኩትም።

ያንጎራጉር ነበር። ይኼ ነው ያሳሳተኝ። ከስትሮኩ በኋላ ቃል ባይወጣውም አልፎ አልፎ ሦስት ድምፅ ወደ ታች ይወርድና አንድ ድምፅ ወደ ላይ ይመለሳል። የኔ ሥራ ይኼ አይደል? ዜማ ሰው ነው፣ ዜማ ሐሳብ ነው እያልኩ የማስተምር እኔ አይደለሁም? በስልኬ ቀዳሁት። ከቅዳሴ ዜማ ጋር አስተያየሁት፤ በመኪና ከሰማናቸው ጋር አስተያየሁት፤ በቫዮሊን ተጫወትኩት። ወደ ላይ የምትመለሰዋ ድምፅ ጥያቄ ትሆን? የእናቴን አስተያየት ብጠይቅ፦

«አባትሽ እኮ ድሮም ሲላጭ ያንጎራጉራል» አለችኝ።

በግልጽም ጠየቅሁት። ጆሮው አጠገብ ሆኜ፣ እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ሳለች፣ «አባዬ፣ ማሽኑ ይቁም ትላለህ?» አልኩት። ዜማውን እጠብቅ ነበር። ዜማ አልመጣም። ይልቁንም ድንገት አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ አፉ በአንድ ጎን ስለወረደ ድምፁ እንደ መታነቅ ያለ ነበር። ነርሷ ሰምታ ሮጣ ገባች። ፊሊፒናዊት ናት፣ እጀ ቀላል፣ ደግ ሴት። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገችው፣ ጉሮሮውን ጠረገችለት፣ ኦክሲጅኑን ቼክ አደረገች።

«ትንፋሽ እያጠረው ነው» አለች። «ከባድ ጥያቄ አትጠይቂው፣ የኔ ልጅ። ይጨነቃል።»

በማግስቱ ደግሜ ጠየቅሁት፤ ደግሞ ያንኑ አደረገ። ነርሷ «ያምሃል?» ብትለውም ያደርገዋል፤ ከዚያ ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይተኛል። እኔ በጥያቄዬ እያስጨነቅሁት መሰለኝና ተውኩት። መጠየቅ ትቼ ያቺን ሦስት ወደ ታች አንድ ወደ ላይ ማዳመጤን ቀጠልኩ።

ትምህርት ቤት ለዓመቱ ማብቂያ ኮንሰርት አንድ የማዕበል ሙዚቃ እያዘጋጀን ነበር፤ ለልጆች የተቀለለ። በዚያ ሳምንት ያለ መሪ መጀመርን እያስተማርኳቸው ነበር። የዚህን ነገር ብልሃት ከኦርኬስትራ ውጭ ያለ ሰው ስለማያውቀው ልግለጸው። ደጋኑ ክሩን ከመንካቱ በፊት ትንፋሽ አለ። ፊት የተቀመጠችው ቫዮሊን ተጫዋች በአፍንጫዋ አየር ስትስብ ከኋላ ያሉት ይሰሟታል፤ በምን ፍጥነት እንደሚጀመር፣ በምን ኃይል እንደሚጀመር ከዚያች ትንፋሽ ያውቃሉ። ትንፋሿ ሙዚቃ አይደለችም፣ አድማጩም አይሰማትም። እሷ ከሌለች ግን ሁሉም በየራሱ ጊዜ ይገባል።

ፊት የተቀመጠችው ልጅ ዓይን አፋር ናት። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ማንም አልሰማትም።

«ጮክ አድርገሽ» አልኳት። «ባሶቹ ድረስ ይሰማ። አትፈሪ።»

አፏን ከፍታ ወደ ውስጥ ሳበች፣ ህህ! ብላ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«ሚስ፣ ሸረሪት አይታ ነው!» አለ ቪዮላ ተጫዋቹ።

«ዝም በል። አልደነገጠችም» አልኩት። «አዎ፣ እንጀምር ማለቷ ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ሰማሁት። አዎ ማለቷ ነው።

የእኛ አገር ሰው አዎ ሲል ሁልጊዜ ቃል አያወጣም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ አጭር፣ ፈጣን፤ እንደ ደነገጠ ሰው። «በላህ?» ሳብ። «ነገ ትመጣለህ?» ሳብ። ፊደላችን ይህን የሚጽፍበት ሆሄ የለውም፤ ምናልባት ከአፍ ስለማይወጣ ይሆናል። አባቴ ድሮ ቀኑን ሙሉ ያደርገው ነበር፤ በስልክ ሲያወራ፣ መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሬዲዮ እየሰማ ለተናጋሪው ሁሉ ሳይቀር።

እኔም አደርገው ነበር። የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ትምህርት ቤት እስክገባ ግን ቤት ውስጥ የምሰማው የነሱን አነጋገር ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ አስተማሪዋ «ምሳሽን በላሽ?» አለችኝ፤ እንደ ለመድኩት ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ደነገጠች። የት እንደሚያመኝ ጠየቀችኝና ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ላከችኝ። ሌላ ቀንም እንደዚያው ሆነ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ አዎ ስል ትንፋሼን ወደ ውጭ እንደ ሌላው ልጅ አወጣለሁ። ያንን ድምፅ ከአፌ አስወጣሁት፤ ከጆሮዬም እንደ ወጣ ያን ቀን አወቅሁ።

ትምህርት እንዳለቀ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷን ምንም ብትሰሚ ለትንሽ ጊዜ አትግቢ ብዬ ለመንኳት። ከዚያ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና እንደ ፈተና ጥያቄዎቼን በተራ አቀረብኩ፤ አንዳንዱ እውነት፣ አንዳንዱ ሐሰት፣ ቅደም ተከተላቸው የተቀላቀለ።

«አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ?» ሳበ።

«አሁን ያለነው ቤታችን ነው?» ዝም።

«ሥራህ ቫሌ ነበር?» ሳበ።

«የላስ ቬጋስ ከንቲባ ነህ?» ዝም አለ፤ ግን በደህናው በኩል ከንፈሩ ትንሽ ተነሣ።

«የእማዬ ሽሮ ጨው ይበዛበታል?»

ከጥያቄው ማለቅ በፊት ሳበ። ሳቅሁ። አባቴን ከስትሮኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁት፤ ደስታ ነበር፣ አልዋሽም። ጥያቄዎቹን ገልብጬ ደገምኩለት፤ አልተሳሳተም። ከዚያ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ስለነበር ደስታው ጠፋ።

«ማሽኑ ይቀጥል?»

ዝም አለ። ጠበቅሁ።

«ማሽኑ ይቁም?»

ሳበ።

«ከቆመ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

ሳበ፤ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር።

እናቴ የገባችው እኔ እጁን ይዤ ሳለሁ ነው። ተነሣሁና፣ እንዴት እንደምናገረው ሳላስብ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው ጀመርኩ። እማዬ፣ አንድ ነገር ደርሼበታለሁ፣ ስሚኝ፤ ትንፋሽ ማጠር አይደለም፤ አዎ የሚልበት ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ በሐሰት ጥያቄም ሞክሬዋለሁ፣ አንዴም አልተሳሳተም። እናቴ ጃኬቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው። እጅጌውን አስተካከለች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ የጠየቅሽው ቀን መስኮቱ ጋ አልነበርኩም? ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ነርሷ ትንፋሽ እያጠረው ነው ስትል ለምን ዝም አልሽ?»

«ስንት ዓመት በስልክ ሳወራው የኖርኩት ሰው ነው። እሱ ሥራ ሲሆን እኔ ቤት፣ እኔ ሥራ ስሆን እሱ ቤት። እንጀራ አለ? ሳብ። ልጅቷ ተኛች? ሳብ። ልስተው ነው?» ድምጿ አልተለወጠም። «ነርሷ እያጠረው ነው አለች። ትምህርት ያላት ናት አልኩ። እኔም እያጠረው ነው አልኩ። አንቺስ ዜማ አልነበር ስትፈልጊ? ሁላችንም የፈለግነውን ሰማን።»

በእኔና በአልጋው መካከል አልፋ፣ በጽዳት ኬሚካል የሻከረ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

«አንተ» አለችው። «እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ለሷ ብለህ አይደለም፣ ለኔም ብለህ አይደለም። በቃህ?»

አባቴ አየር ሳበ። በክፍሉ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ግልጽ ድምፅ አልነበረም።

«እሺ» አለችው እናቴ።

ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ሳይዘጋ «አባ፣ እንደምን ዋሉ» ስትል ሰማኋት።

ሐኪሟ የኔን ቃል ብቻ ይዛ መወሰን እንደማትችል ነገረችኝ፤ ልክ ነበረች። እስከዚያ ቀን እኔ እንግሊዝኛ ስለምችል አስተርጓሚ ያስፈልጋል ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። በማግስቱ በስልክ የምትሠራ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኙን። የት ከተማ እንዳለች አላውቅም፤ ድምጿ ብቻ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ይመጣል። ሐኪሟ ጥያቄዋን በእንግሊዝኛ ጠየቀች፣ ሴትየዋ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ «አባቴ፣ የኩላሊት እጥበቱ እንዲቆም ይፈልጋሉ ወይ?» አባቴ ሳበ።

«አዎ ብለዋል» አለች ሴትየዋ ወዲያው።

ሐኪሟ እኔን አየችኝ፣ ስልኩን አየች። «ይቅርታ፣ እሱ እኮ ምንም አልተናገረም።»

«ተናግረዋል» አለች ስልኩ ውስጥ ያለችው። «ሰምቻቸዋለሁ። አዎ ነው ያሉት።»

ሌላም ብዙ ጥያቄ ጠየቁት፤ ሐኪሟ ጠንቃቃ ነበረች፣ እኔ ያላሰብኩትን ማጥመጃ ሁሉ አቀረበች። በመጨረሻ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ማሽኑን ወሰዱት። ከአፍንጫው ቱቦውን አወጡለት፤ ፊቱ ከሳምንታት በኋላ የራሱ ፊት ሆነ። የነፍስ አባቱ መጥተው ጸለዩለት፣ ምላሱ ላይ ጠብታ አድርገው አቆረቡት፤ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ጨረሰች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን ነበርን። ስልኬን ትራሱ ላይ አድርጌ ወንዙን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩለት። ሁለቱ ዋሽንቶች ጀመሩ።

«ልዝጋው?» ዝም አለ።

«ጠማህ?» ሳበ።

በትንሽ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረች ስፖንጅ አለች፤ በውሃ እየነከርኩ ከንፈሩን፣ ምላሱን አረጠብኩለት። አሁን የሚለካ ውሃ አልነበረም፤ መዋጡ ግን ቀርቶ ነበር። ቫዮሊኖቹ ሰፊውን ዜማ እስኪያነሡ፣ ወንዙም አንድ ትልቅ ከተማ አልፎ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ ነከርኩ፣ አረጠብኩ። አላስቆመኝም።

ከዚያ በኋላ ትንፋሹ ተለወጠ። ረጅም ጊዜ ይቆማል፤ ከዚያ ድንገት በጥልቀት ይስባል፤ ከዚያ ደግሞ ይቆማል። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ይህ ሰውነቱ ነው፣ እሱ አይደለም፤ አይሰማውም። ድምፁ ግን ያው ነበር። አዎውን ከትንፋሹ የምለይበት ምንም ነገር አልቀረኝም፤ ስለዚህ መጠየቅ አቆምኩ። ያላለውን እንዳለ እንዳልሰማ ፈራሁ። በልቤ እንኳ ጥያቄ እንዳይኖር እጠነቀቅ ነበር፤ ሐሳቤን ስጨርስ ድንገት ቢስብ መልስ እንዳይመስለኝ።

እናቴ አላቆመችም።

«በረደህ?» ትለዋለች። ይስባል። ብርድ ልብስ ትጨምርለታለች።

«ልጅህ እዚህ ናት፣ አየሃት አይደል?» ይስባል። «አይቶሻል» ትለኛለች።

«ትናንት የመጣው ዘመድህ አፉ አያርፍም፣ አሰለቸህ አይደል?» ይስባል። «አልኩሽ እኮ!»

አላረምኳትም። ልናገር ብዬ አፌን የከፈትኩበት ጊዜ ነበር፤ የአተነፋፈሱን ዓይነት ስም ጭምር አውቀው ነበር። ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ወደ ማዕከሉ የምነዳበት ሰዓት። እናቴ ሺፍቷን ለሰው ሰጥታ ከአጠገቡ አልተነሣችም። አንዴ ተንፍሶ ብዙ ቆየ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ደርሳ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ፣ ሥራ ቦታው ስትደውልለት እንደምትለው፣

«አለህ?» አለችው።

ወደ ውስጥ ሳበ።

«እሺ» አለች እናቴ፣ ቀናም አለች።

የሚወጣውን ትንፋሽ እኔ እጠብቅ ነበር፤ አልወጣም።